ብርቱካናማው ቀለም

ውድ ወጣት አብራሪዎች፣

ዕድሜዬን አብራሪዎችን በማሠልጠን አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ አሮጌ የጃፓን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። መጠሪያው ዮኮሱካ ኬ5ዋይ ሲሆን ጃፓኖች ግን «አካቶምቦ» ይሉታል፤ ቀይ የውሃ ተርብ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ንድፍ በአየር ላይ አልረጋ ስላለ ካዋኒሺ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 አስተካክሎ ሠራው። ክንፉ ድርብ፣ ልባሱ ጨርቅ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይዘል ነበር። ክፍት የሆኑት ሁለት መቀመጫዎች ፊትና ኋላ ናቸው፤ መሪም በሁለቱም ቦታ አለ፣ ተማሪው ሲስት መምህሩ እንዲቀበለው። እስከ 1945 ድረስ 5,770 ያህል ተሠርተዋል፤ የባሕር ኃይሉ አብራሪዎች በብዛት የሠለጠኑት በዚህ ነው።

ልቤን የሚነካው ግን ቀለሙ ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ይቀቡት ነበር። ምክንያቱ ለማንኛውም አሠልጣኝ ግልጽ ነው፦ ጀማሪ ከፍታውን ይስታል፣ ዙሪያውን ሳያይ ይታጠፋል፣ ሊያርፍ ሲል ያመነታል። ያ ቀለም ገና ከሩቅ «የሚማር ሰው ነውና ራቁለት» ይላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነዳጁም፣ የበሰሉ አብራሪዎችም ተሟጠጡ። ያን ጊዜ አዛዦቹ ማሠልጠኛውን አውሮፕላን ቦምብ አሸክመው ለአጥፍቶ መጥፋት አሰለፉት። ብርቱካናማውን ቀለም በጥቁር አረንጓዴ ሸፈኑት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1945፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከእነዚህ አንዱ በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ አቅራቢያ ካላሃን የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ መታ። መርከቧ በዚያው ሌሊት በሌላ መርከብ ልትተካ ነበር። ሰመጠች፤ 47 ሰዎች አለቁ። ጃፓን እጅ መስጠቷ የታወጀው ከ17 ቀን በኋላ ነው።

ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን ዘመናዊ መርከብ ማስመጡን በአድናቆት የሚያወሩ አሉ። እኔ ማድነቅ አልቻልኩም። የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከብሎኑ እስከ ቀለሙ የታሰበው ተማሪው ተመልሶ እንዲያርፍ ነው። ያንን አውሮፕላን አረንጓዴ የቀቡት ሰዎች የመምህርነትን ውል አፍርሰዋል፤ ይህን ሳስብ ዛሬም እቆጣለሁ።

እናንተን ማንም ቦምብ አያሸክማችሁ ይሆናል። ነገር ግን «ጀማሪ መሆንህን አታሳውቅ፣ ዝም ብለህ ውጣ» የሚል አለቃ ይገጥማችኋል። አንዳንዴም ቀለማችሁን የምትሸፍኑት ራሳችሁ ናችሁ። እኔ በወጣትነቴ ጠንካራ የጎን ነፋስ ባለበት ቀን ብቻዬን አርፌ እንደማላውቅ ለመናገር አፈርኩ። ተላክሁ። ሳርፍ የቀኝ ክንፌ ጫፍ አስፋልቱን ሊነካ አንድ ክንድ አልቀረውም። ከአውሮፕላኑ ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ለማንም አልተናገርኩም። እንድታውቁት የምፈልገው ይህንን ዝምታ ነው።

ስለዚህ ብቻችሁን በምትበሩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ለመቆጣጠሪያ ማማው ከመጥሪያ ስማችሁ ጋር «ተማሪ አብራሪ ነኝ» በሉ። ተቆጣጣሪው ንግግሩን ያዘገየዋል፤ ከኋላችሁ የሚመጣውንም አውሮፕላን ራቅ ያደርግላችኋል። መመሪያው ካልገባችሁ እንዲደግምላችሁ ጠይቁት። ነፋሱ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ አትነሡ፤ አውሮፕላኑን አስራችሁ ወደ ክፍል ግቡ፣ እኔ አሠልጣኛችሁ ብሆን ኖሮ በማግስቱ እንደገና አብሬያችሁ እወጣ ነበር።