ዝገቱን አትንኩት

የአንባቢያን ጥያቄ ስለ አሮጌ ብረት፤ ከድሬዳዋ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከርመዋል? አያቴ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ከኮሪያ ሲመለሱ ከጃፓን አንድ ሰይፍ ይዘው መጡ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እናቴ የልብስ ሳጥን ውስጥ አኑራው ኖረች። ባለፈው ወር ቤት ስናጸዳ አወጣነው። አፎቱ ቡናማ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። እጀታው በጥብጣብ ተጠምጥሟል፤ በጥምጥሙ መሀል ነጭ ሻካራ ቆዳ ይታያል። የእጅ መከላከያው ላይ የአበባ ቅርጽ አለ። ስለቱ ግማሹ ያበራል፣ ግማሹ ጠቃጠቆ ዝገት ይዞታል። ቀፊራ ያለ አንድ ነጋዴ «የሳሙራይ ነው፣ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል» አለን። ሌላው «የፋብሪካ ነው፣ በብረት ዋጋ ልውሰደው» አለ። አጎቴ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ሊያሳምረው ተነሥቷል። ማንን እንመን? ስንትስ ያወጣል?
የልጅ ልጅ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀቱን ከአጎትሽ እጅ ቀሚልኝ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ሁለቱም ነጋዴዎች ያዩት የሰይፉን ልብስ፣ አፎቱንና እጀታውን ነው። ቡናማው የብረት አፎትና አበባው የጃፓን ጦር መኮንኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የታጠቁት ነው። አበባው የቼሪ አበባ ነው። ነጩ ሻካራ ነገር የዓሣ ቆዳ ነው። ስለዚህ ልብሱ ሰማንያ ዓመት ቢያልፈው ነው፤ ሦስት መቶ የሚባል ነገር የለም። ውስጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው መኮንን ለጦርነቱ በብዛት የተሠራ ስለት ገዝቶ ታጠቀ። አንዳንዱ ግን ከቤተሰቡ የወረሰውን የጥንት ስለት አውጥቶ የወታደር እጀታና አፎት አስለበሰው። ከውጭ ስታያቸው መንታ ናቸው።

የሚለያቸው እጀታው ውስጥ የተደበቀው የብረቱ ጭራ ነው። ጃፓኖች «ናካጎ» ይሉታል። እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ሙጫ አይደለም፤ አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። በጥምጥሙ መሀል ትታይሻለች። አንዱ ጫፏ ቀጠን ይላል። በዚያ በኩል በጠንካራ እንጨት ዘንግ ቀስ አድርገሽ ስትመቻት በሌላው ትወጣለች። ሚስማርና ካቻቢቴ አታስጠጊ። ከዚያ የእጀታውን መጨረሻ በግራ እጅሽ ጨብጪ፤ ስለቱ ወደ ላይ ቆሞ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ የሚቆርጠው ወገን ካንቺ ይራቅ። አሁን በቀኝ ቡጢሽ የግራ አንጓሽን ምቺ። ብረቱን አይደለም፣ የራስሽን አንጓ። ሁለት ሦስቴ ስትመቺ ብረቱ እጀታው ውስጥ «ቀጭ» ሲል ይሰማሻል። እምቢ ካለ ተዪው፤ መዶሻ አምጡ የሚል ሰው ካለ ከቤት አስወጪው።

ጭራው ሲወጣ ዝገት ታያለሽ። ደስ ይበልሽ። ቀይና ብርቱካናማ ከሆነ፣ ጣትሽንም ካቆሸሸ፣ ገና ትናንት የያዘው ነው። በደንብ እንደተቆላ የሐረር ቡና ጠቁሮ፣ ሲዳስሱት ለስለስ የሚል ከሆነ ግን ዘመን የቆጠረ ነው። ጃፓኖች ስለቱን ሲያሳምሩ ይኖራሉ፣ ጭራውን ግን ሆን ብለው አይነኩትም። ዕድሜውን የሚገምቱት ከዚያ ዝገት ነው።

ይህን የማውቀው ተቀጥቼ ነው። ሽመንደፈር፣ ባቡር ድርጅቱ ውስጥ፣ ቶርኖ ላይ በምሠራበት ዘመን ሐረር ጁገል ውስጥ ከአንድ ቤት አጭር የጃፓን ሰይፍ ገዛሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ፈታሁት። ጭራው ጥቁር ሆኖ ሳየው «ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!» ብዬ በሽቦ ብሩሽ አሽከረከርኩበት። በአሥር ደቂቃ እንደ ሻይ ማንኪያ አብረቀረቀ። ለጓደኞቼ ሁሉ እያሳየሁ ኮራሁ። ዓመታት ቆይቼ ሳነብ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። የተቀረጸበት ስም አሁንም ይነበባል፣ ግን ትናንት ይቀረጽ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ማን ያምነኛል? አልጋዬ ስር ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ አላወጣውም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ጭራው ላይ ሦስት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ በመሮ የተቀረጹ ፊደላት፤ የአንጥረኛው ስም ነው፣ አንዳንዴ በሌላው ጎን ዓመቱም አለ። ስም አገኘሁ ብለሽ ግን አትጨፍሪ፤ በታዋቂ አንጥረኛ ስም የሐሰት ፊርማ መቅረጽ ጃፓን ውስጥ የዘመናት ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ ትንሽ የማኅተም ምት። በክብ ውስጥ ያለ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ የጦርነቱ ዘመን ምርት መሆኑን ይናገራል። ኮከብ ከሆነ ግን በዚያው ዘመን ቢሠራም በጥንቱ ዘዴ በእጅ የተቀጠቀጠ ነው፤ እሱን ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ሦስተኛ፣ የሞረድ መስመር። እኔ የምወደው ይህን ነው። አንጥረኛው ጭራውን ሲሞርድ አግድም ወይም ሰያፍ እየሄደ መስመር ይተዋል፤ በዚያ የት ትምህርት ቤት እንደተማረ የሚለዩ ሰዎች አሉ። የኔን መስመሮች ሽቦ ብሩሹ በላቸው።

ከዚያ ማታ ሌላውን መብራት አጥፍተሽ በአንድ አምፖል ስር ስለቱን ዘንበል ቀና አድርጊው። በሚቆርጠው ጠርዝ በኩል እንደ ጉም ነጣ ያለ ወሰን ታያለሽ? «ሃሞን» ይባላል። አንጥረኛው ብረቱን በጭቃ ይለቀልቀዋል፤ ጀርባውን በወፍራሙ፣ የሚቆርጠውን ጠርዝ በስሱ። አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ስሱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ይጠነክራል፣ ጀርባው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዝና ለዘብ ይላል። ሰይፉ የሚቆለመመውም በአብዛኛው በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ብረት አግዬ ነክሬያለሁ፣ አንድ ዘንግ ግማሹን አጠንክሮ ግማሹን ማለዘብ ግን ቀልድ አይደለም። የጦርነቱ ዘመን ብዙ ስለቶች በዘይት የተነከሩ ናቸው፤ መስመራቸው ሕይወት የለውም። በአሲድ የተሳለም አለ፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቀለም ብቻ ነው።

ስለ ዋጋ፣ በደብዳቤ ዋጋ የሚነግርሽ ሰው ወይ ሊገዛሽ ነው ወይ ሊያታልልሽ። የሚቆርጠው ጠርዝ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ብዙው ዋጋ እዚያው አለቀ። ከሌለ የጭራውን ሁለት ጎን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። የስለቱንም ርዝመት ከጫፍ ተነሥተሽ ጀርባው ላይ ጭራው እስከሚጀምርበት ጥርስ ድረስ ቀጥ አድርገሽ ለኪ፤ ከ60.6 ሳንቲሜትር ካለፈ በእነሱ አቆጣጠር ካታና፣ ረጅሙ ሰይፍ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ዋኪዛሺ፣ አጭሩ። ጃፓን ውስጥ በፈረንጅ 1948 የተቋቋመ የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር አለ፤ መርምሮ ወረቀት ይሰጣል። እዚያ መላክ ግን ወጪው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ፎቶውን እንይ።

እስከዚያ በንጹሕ ጥጥ ጥረጊውና የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቢው። የምግብ ዘይት ሙጫ ይሆናል። ጃፓኖች ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት ዘይት ነው የሚቀቡት። ስለቱን በጣት አትንኪ፤ በእኛ ሙቀት ላብ ያለበት ጣት በማግስቱ ዝገት ሆኖ ይታተማል። ላዩ ላይም አታውሩ፣ ትንፋሽ ራሱ ውሃ ነው። ደግነቱ የድሬ አየር ደረቅ ነው፤ ሰባ ዓመት የተረፈልሽ ለዚህ ይመስለኛል።

የአያትሽንም ታሪክ ጻፊው። በፈረንጅ 1945 ጃፓን ስትሸነፍ አሜሪካኖች ሰይፍ እየሰበሰቡ ነበር፤ ከኮሪያ ለዕረፍትና ለሕክምና ጃፓን የሚሄድ ወታደር እጅ የገባው ከዚያ የተረፈ ይሆናል። የመጀመሪያው ሻለቃ ውስጥ ከነበሩ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጅቡቲ መርከብ ሊሳፈሩ በባቡር ያለፉት በእኛው ከተማ ነው። የሻለቃው ስም እንኳ የሐረሩ ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የወታደር መታወቂያና ፎቶ ካለ ከሰይፉ ጋር አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ የኔ ሰይፍ እጀታው የተጠመጠመ ይመስላል፣ ሲነካ ግን ብረት ነው። ስለቱ ላይ ቁጥር አለው። በብሎን ነው የታሰረው። የሳሙራይ ነው አይደል?
ከከዚራ

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። የሳሙራይ ዘመን ያበቃው በፈረንጅ 1876 ነው፤ መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድ የከለከለው ያኔ ነው። ያንተ በፈረንጅ 1935 የወጣ የበታች ሹማምንት ሰይፍ ነው። እጀታው ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ስለቱ የማሽን። አፎቱ ላይ ያለው ቁጥር ከስለቱ ጋር አንድ ከሆነ ጥሩ ዕቃ ይዘሃል። ይህን አስመስለው የሚሠሩም በዝተዋል፤ ቀለሙ አዲስ አዲስ ከሸተተህ ተጠራጠር።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ቆልማማ ጎራዴ አለኝ። ነጋዴዎች ጃፓን ነው ይሉኛል። እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው። ስለቱ ላይ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ፣ ከስሩ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል አለበት።
ከሐረር፣ ሸዋ በር

መልስ፦ ጋሼ፣ ጃፓን አንበሳ ከነዘውዱ አይቀርጽም! የእርስዎ የሐበሻ ጎራዴ ነው፣ ስለቱ ግን ከአውሮፓ መጥቶ ይሆናል። በነገሥታቱ ዘመን የጀርመኗ ከተማ ሶሊንገንና የለንደኑ ዊልኪንሰን ለኢትዮጵያ እየሠሩ ይልኩ ነበር። የፈረንጁን ፊደል በወረቀት ገልብጠው፣ የንጉሡንም ስም አንብበው ይላኩልኝ፤ ዘመኑን ከዚያ እንጀምራለን። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚዞር ዘመድ ካለዎት ደግሞ ከላይ ያለውን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡለት።