ዲስኩ ቶርኖ ቤት ይግባ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ የኮሮላዬን የፊት ፍሬን ዲስኮች ከሁለት ዓመት በፊት ኦሪጅናል ባልሆኑ አስቀይሬ ነበር። አሁን ከ80 ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግሬን ይመታኛል። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት 23 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ በካሊብሮ ስለካው 23.5 ሆነ። መካኒኬ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጥ ይላል፣ የመለዋወጫ ሻጩ አዲስ ግዛ ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሻጩን። እንዲያውም 23.5 ራሱ በዝቶ የወጣ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። የፍሬን ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ ዳር ስለማይበላ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የካሊብሮው መንጋጋ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ማይክሮሜትር ከሌለ፣ ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በዲስኩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሳንቲም ያስደግፉ፣ አብረው ይለኩ፣ የሁለቱን ሳንቲም ውፍረት ይቀንሱ። ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለክተው ትንሹን ቁጥር ይያዙ።

23.5 እውነት ቢሆንም ሒሳቡ አያዋጣም። ቶርኖ ወጣ ገባውን አጥፍቶ ንጹሕ ገጽ ለማውጣት ከእያንዳንዱ ጎን 0.2 ያህል ቢልጥ 23.1 ይቀራል። 23 ደግሞ ዲስኩ የሚጣልበት ልክ ነው፤ አዲሱ ሸራ ገና ሳያልቅ ከዚያ በታች ይወርዳል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት አይችልም፣ ከእንጦጦ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ የሚደክመው ያኔ ነው። 24 እና ከዚያ በላይ ቢሆን፣ ስንጥቅና የተቃጠለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ባይኖርበት፣ ቶርኖ እመክር ነበር። ያውም ባለሙያው ሁለቱንም ገጽ ዲስኩን ከማሽኑ ሳያወርድ የሚልጥ ከሆነ ነው፤ ገልብጦ ከላጠው ሁለቱ ገጾች ትይዩ አይሆኑም።

ዲስክ ለውጦ ብቻ መሄድ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ ብዙ ጊዜ “ተጣመመ” ይባላል እንጂ የሚበላሸው በሌላ መንገድ ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ዝገት ከያዘ፣ ወይም የጎማ ዳዶ አለእኩል ከተጠበቀ፣ ዲስኩ ሲዞር ትንሽ ግራ ቀኝ ይላል። ፍሬን ባይያዝም በየዙሩ አንዱን ቦታ ሸራው ይልሰዋል፣ እሱ ቦታ ይሳሳል። የ0.02 ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ የወረቀት ውፍረት ሩብ እንኳ የማይሞላ፣ እግርዎ ላይ ይሰማል። ሞዞው ካልጸዳ አዲሱም ዲስክ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ይደርሳል።

ስለዚህ ሞዞውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ያጽዱት። ዲስኩን በዳዶዎቹ አስረው ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ንቅናቄ የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) ይደግኑበት፤ ሲዞር ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ካሳየ ዲስኩን አንድ ቡሎን አዙረው እንደገና ይሞክሩ። በምንም ቦታ ካልተስተካከለ ሞዞው ወይም ኩሽኔታው ነው። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ማንሸራተቻ ፒኖቹ በእጅ ሲገፉ መሄድ አለባቸው፤ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ይቀቡ፣ ተራው ግራሶ የፒኖቹን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል። የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በ103 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ጎማ ቤቶች በአየር መፍቻ የሚያደርጉትን ግጥም አድርጎ ማሰር አይፍቀዱላቸው።

ሲገዙ፣ ኦሪጅናል ያልሆነ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ዳሩን ይዩት። በአየር ማለፊያው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ብረቶች እኩል ካልወፈሩ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ ቅርጽ ማውጫው ተንሸራትቷል፣ ይመልሱት። ከአሮጌው ጋር ሳይሆን ከሌላ አዲስ ዲስክ ጋር በሚዛን ቢያነጻጽሩ፣ በጣም የቀለለው ብረት የተሰሰተበት ነው። ግራና ቀኙን በጥንድ ይቀይሩ፣ ሸራውም አዲስ ይሁን። የዝገት መከላከያ ዘይቱን በፍሬን ማጽጃ ያስለቅቁ።

ከተገጠመ በኋላ ጭር ባለ መንገድ ከ60 ወደ 20 ገደማ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ መጠነኛ ፍሬን ይያዙ፣ በየመሃሉ ትንሽ እየነዱ ያቀዝቅዙት። ሲግል ፔዳሉን ረግጠው አይቁሙ፣ ሸራው ዲስኩ ላይ ያትማል፤ በቀጥታም ላቫጆ አያስገቡት።