ዓይኔ ስለፈጠጠ ከካውንተር ልነሳ?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ድርጅት ካሸር ሆኜ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ከእንቅርት ሕመም ጋር በተያያዘ ዓይኖቼ ፈጠጥ ብለዋል፤ ይቀላሉ፣ እንባም አያቆሙም። ምኒልክ ሆስፒታል ክትትል አለኝ። አንዳንድ ደንበኛ «ምን ያስፈጥጥሻል?» ይለኛል፤ ሌላው ይጋባል ብሎ ብሩን በጣቱ ጫፍ ይገፋልኛል። አለቃዬ ጥቁር መነፅር ከለከለኝ። አሁን ደግሞ «ወይ መዝገብ ቤት ግቢ፣ ወይ መልቀቂያ ጻፊ» ብሎኛል። መዝገብ ቤት ከገባሁ የካሸር አበሌ ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መልቀቂያውን አትጻፊ። አለቃሽ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ቢያስጠጋልሽም አትጻፊ። «በገዛ ፈቃዴ» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ በኋላ ተገድጄ ነው ብትዪ የማስረዳቱ ሸክም አንቺ ላይ ይወድቃል። እኔ ጋ የሚመጡትን ሰዎች ፎልደር ስገልጥ ስንት ጊዜ ያችን ወረቀት እንዳገኘሁ!

ሕጉ የሚጠይቀው ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ ወይ ብሎ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት አሠሪ በጤና ምክንያት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማሰናበት የሚችለው ሠራተኛው ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ሲያቅተው ነው። ደንበኛ ደነገጠ ማለት እዚያ ውስጥ አይገባም። ደረሰኝ ትቆርጫለሽ፣ ማታ ሒሳብሽ ይገጥማል? በቃ። (አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ከጀመረሽ ግን ለሐኪምሽ ቶሎ ንገሪ። ያኔ ጥያቄው ሌላ ነው።)

መዝገብ ቤቱስ? ውልሽ «ካሸር» የሚል ከሆነ በአንቀጽ 15 መሠረት የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። የቃል ትእዛዝ አይበቃም። ነገር ግን የዝውውር ደብዳቤ ከሰጡሽ ተናደሽ ከሥራ አትቅሪ፤ መቅረትሽን ራሱን ምክንያት ያደርጉታል። ተቃውሞሽን በጽሑፍ አስገቢና እየሠራሽ ተከራከሪ።

አንድ ሌላ አዋጅ አለ፤ ብዙ አሠሪ ሰምቶትም አያውቅ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። ትርጉሙ የአካል ጉዳቱን ብቻ አያይም፤ ከጉዳቱ ጋር በሚመጣ ማኅበራዊ መድልዎ የተነሳ የሥራ ዕድሉ የጠበበበትንም ሰው ያያል። በእኔ አስተያየት ያንቺን ጉዳይ እዚህ ውስጥ አስገብቶ መከራከር ይቻላል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ችሎቱ ነው። ከተሳካልሽ ጥቅሙ ትልቅ ነው። አሠሪው ሥራውን እንዲመችሽ የማድረግ ግዴታ ይኖርበታል፤ መድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳቱ ሸክምም ወደ እሱ ይዞራል።

ስለዚህ ሐኪምሽን ሁለት መስመር አጽፊው፦ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በካሸርነት መሥራት ትችላለች። እውነትም አይተላለፍም፤ የራስሽ ሰውነት መከላከያ ነው የዓይንሽን ዙሪያ የሚያስቆጣው። ማስረጃውን አያይዘሽ ለሰው ኃይል አጭር ማመልከቻ ጻፊ። ወንበርሽ ከኤሲው ንፋስ ፈቀቅ ይበል፣ ጠብታ የምታደርጊባት ደቂቃ ይፈቀድልሽ፣ መነፅሩም ይፈቀድልሽ። ሦስቱም ድርጅቱን ይህ ነው የሚባል ወጪ አያስወጡትም። ቀሪውን አስፈርመሽ፣ የገቢ ቁጥር አስመትተሽ ያዢ።

ይህን ሁሉ አልፈው ካሰናበቱሽ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ እየላክሽ ጊዜው እንዳያልፍብሽ። ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ስታቀርቢ የዳኝነት ክፍያ አትጠየቂም። የሥራ ውልሽ ኮፒ የቢሮ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ቤት ውሰጂው።