ቀለሙ ከጨርቁ ላይ ለምን ተላጠ?

ጥያቄ፦ «ለሽርሽር የሚነጠፍ ትልቅ ነጭ ሸራ ገዝቼ በአክሪሊክ ቀለም ቅጠልና አበባ ሣልኩበት። ሲደርቅ በጣም አምሮ ነበር። አጣጥፌ አስቀምጬ ስዘረጋው ግን ማጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቋል። ሳጥበው ደግሞ ቀለሙ እየተላጠ ወጣ። ጥፋቱ የቀለሙ ነው ወይስ የኔ?»

እህቴ፣ የቀለሙ ጥፋት አይመስለኝም። ከጻፍሽልኝ ውስጥ አንድ ነገር አጣሁ፤ ሸራውን ከመቀባቴ በፊት አጠብኩት አላልሽም። አዲስ ሸራ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ስታርች ወይም ሌላ ማጠንከሪያ ተቀብቶ ነው። በእጅሽ ስትዳስሺው ደረቅ ደረቅ የሚልሽ እሱ ነው። ቀለምሽ ያረፈው እዚያ ላይ እንጂ ክሩ ላይ አይደለም። ውኃ ሲነካው ስታርቹ ሟሟ፣ ቀለሙም አብሮት ሄደ።

ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው። ማለስለሻ አትጨምሪ፤ እሱም ክሩን ሸፍኖ ቀለም አላስገባ ይላል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ልክሽን የምትቆርጪው ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ይሁን። ከዚያ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጊበትና እይው። ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ፣ ጨርቁ ገና ነው፤ ድገሚው። ወዲያው ከሰረገ ብሩሽሽን ማንሳት ትችያለሽ። እኔ ይህን ሳላይ አንድም ጨርቅ አልቀባም።

መሰንጠቁ ሌላ ጉዳይ ነው። አክሪሊክ ሲደርቅ እንደ ስስ ፕላስቲክ ይሆናል። ወፍራም አድርገሽ ስትቀቢው ከጨርቁ ጋር አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ለዚህ መፍትሔው ቴክስታይል ሚዲየም የሚባለው፣ አክሪሊክን ለጨርቅ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ቀለም ለአንድ እጅ ሚዲየም ይደባለቃል፤ የያንዳንዱ ስለሚለያይ ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተዪ። «ውኃ ባቀጥነውስ?» እንዳትዪ። ውኃ ሲበዛ ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚይዘው ማጣበቂያ ይሳሳል፣ ቀለሙም ከሥዕሉ ጠርዝ አልፎ ይሰራጫል። ደማቅ ቀለም ከፈለግሽ አንዴ ወፍራም ከመቀባት ሁለቴ ስስ ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ግን ሁለተኛውን አትጀምሪ። በትክክል የተቀባ ቦታን በጣትሽ ስትዳስሺው የጨርቁ ሽመና ከሥር ይሰማሻል። ጣትሽ ልሙጥ ነገር ላይ ከተንሸራተተ ቀለሙ በዝቷል።

ቀጥተኛ መስመር ካሰብሽ የወረቀት ቴፕ ለጥፊና ጠርዙን በጥፍርሽ ጫን ጫን አድርጊው። ቴፑን ቀለሙ እርጥብ እንዳለ አንሺው።

ቀለሙ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ በካውያ ይተኮስ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ካውያው ያለ እንፋሎት፣ ጥጥ በሚችለው ሙቀት ይሁን። ቀለሙ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሚ እያንዳንዱን ክፍል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተኩሺ። ትልቅ ምንጣፍ ሲሆን አድካሚ ነው፤ ግን ቀለሙ እጥበት የሚችለው በዚህ ነው።

ከሥሩ እርጥበት የማያስገባ ገበር የምትሰፊ ከሆነ፣ ከተኮስሽ በኋላ ይሁን። እኔ አንዴ ቸኩዬ ገበሩን አስቀድሜ ሰፋሁና፣ ስተኩሰው ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሸራው ጋር ተጣበቀ። የሦስት ቀን ሥራ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከተኮስሽ በኋላም አንድ ሳምንት ሳይታጠብ ይቆይ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳትፈትጊ እጠቢ። ስታስቀምጪው ጠቅልዪው እንጂ አትጠፊው፤ ቀለም ከቀለም ጋር ከተነካካ ሊጣበቅ ይችላል።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውን ደግሞ አትጣዪው። በሙቅ ውኃ ዘፍዝፊና የላላውን ቀለም በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። አልለቅም ያለው ይቆይ። ሲደርቅ ጠብታውን ሞክሪና፣ የቀረውን ጥላ ተከትለሽ እነዚያኑ ቅጠሎች መልሰሽ ሣዪበት።