በጠመኔ የራስን ፊት መሳል፦ ከወረቀቱ ጀምር

ወንድሜ፣ «ጭቃ ላይ ፊት ስሰራ ይወጣልኛል፣ የራሴን ፊት በጠመኔ ስስል ግን እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ይሆንብኛል» ላልከው፣ እኔም ሀዋሳ ጭቃና ጀሶ ነው የምሰራው፣ እዛው ላይ ሁለት ዓመት ተቸክዬ ነበር።

የኔ ችግር ነጭ ወረቀቱ ነበር። ነጭ ላይ ነጭ ጠመኔ ምንም አያሳይም፣ ስለዚህ ስታጠቁር ትውላለህ፣ እንደኔ ጠይም ከሆንክማ ፊትህ ጭስ የበላው ግድግዳ ይሆናል። አሁን ካኪ ወረቀት ነው የምጠቀመው፣ ፒያሳ ጽህፈት መሳሪያ ቤቶች ታገኘዋለህ፣ ግን በሻካራው ጎን ሳል፣ የሚያብለጨልጨው ጎን ጠመኔ አይዝም ይረግፋል። ወረቀቱ ራሱ ቆዳህ ነው በቃ። ወደ ውስጥ የገባውን በከሰል፣ ብርሃን የመታውን ጉብ ያለ ቦታ በጠመኔ፣ መሀሉን አትንካው! ደግሞ ከሰሉና ጠመኔው እንዳይነካኩ፣ ከተነካኩ ሰማያዊ ነገር ያለው አመድ ይሆኑና ፊቱ የታመመ ይመስላል።

በርኒኒን ፈልገህ እይ። ሮም ውስጥ እድሜውን ሙሉ እብነ በረድ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው (በፈረንጆቹ 1598–1680)፣ ወደ 80 ሲጠጋ የራሱን ፊት በጥቁርና በነጭ ጠመኔ ስሎታል፣ ስዕሉ እንግሊዝ የንጉሣዊው ቤተሰብ ስብስብ ውስጥ ነው ያለው። እሱ በ1665 ፓሪስ የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን ሃውልት ሲሰራ ምን ይል ነበር መሰለህ፣ እብነ በረድ ቀለም ስለሌለው አይን ዙሪያ ያለውን ጥቁረት ለማሳየት ከእውነተኛው ፊት ይበልጥ ጠልቆ መቦርቦር አለበት። ይሄን ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ፣ እኛ በጣታችን ጠልቀን የምናመጣውን ጥላ ከሰሉ በአንድ ጭረት ይሰጥሃል።

አይን ላይ ጊዜ ውሰድ። የላይኛው የአይን ቆብ መስመር አይደለም፣ ውፍረት አለው፣ ኳሱም ላይ ጥላ ይጥላል፣ ያቺን ቀጭን ጥላ ካገኘሃት አይኑ ክብ ይሆናል፣ ቅንድብ ባትሰራ እንኳን። መብራት አንድ ብቻ ከጎን ይሁን፣ መብራት ከሌለ የጠዋት መስኮት ይበልጣል።

አንዴ ለሦስት ሳምንት የሰራሁትን ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ይዤ ሄድኩ፣ ስዘረጋው ግራ ጉንጩ ጠፍቷል፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ከዛ ወዲህ የፀጉር ስፕሬይ ራቅ አድርጌ በስሱ እነፋበታለሁ፣ ግን ነጩን ስለሚያደበዝዘው ከሰሉን ጨርሰህ ንፋና ነጩን መጨረሻ ላይ አድርግ፣ ከዛ በኋላ አትጠቅልለው፣ በካርቶን መሀል ነው የሚያዘው።

ስትሞክረው ለጥፍልን፣ አይኑን በደንብ አያለሁ።