ኮሮጆው ጋ ነበርክ?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ቤቷ ቁጭ ብላ በኢንተርኔት ለውጭ አገር ሰዎች ዳታ ትሠራለች። አንዱ ደንበኛዋ የአንድ የአሜሪካ ከተማ የፕራይመሪ ውጤት ልኮላታል። ፕራይመሪ ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ቅድመ ምርጫ ነው። የየጣቢያው ድምፅ አላት። በየሰፈሩ ስንት ወጣት፣ ስንት ሴት፣ ስንት ተከራይ እንዳለ የሚያሳይ የሕዝብ ቆጠራም አላት።

«ጋሼ፣ ወጣት የበዛበት ሰፈር ሁሉ ይሄኛውን ዕጩ ነው የመረጠው። ወጣቶቹ መረጡት ብዬ ልጻፍ አይደል?» አለችኝ።

መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። አልደወልኩም። ይኸው በጽሑፍ እየመለስኩላት ነው። እናንተም እኩዮቿ ናችሁና አብራችሁ አንብቡት።

ግንቦት 7 ቀን 1997 እሑድ ነበር። የዚያን ቀን ሰልፍ ያየ አይረሳውም። እኔ ያኔ ስታቲስቲክስ ተምሬ፣ ደሞዜ አልበቃ ብሎኝ ማታ ማታ ለአንዲት ትንሽ ጋዜጣ እጽፍ ነበር። ከምርጫው ማግስት ከጓደኛዬ ጋር ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዘን ወጣን። ከጊዮርጊስ ተነስተን በዶሮ ማነቂያ፣ በሠራተኛ ሰፈር አድርገን እስከ አራት ኪሎ በእግራችን። ውጤት በር ላይ ከተለጠፈ እንገለብጣለን፤ ካልተለጠፈ ታዛቢ እንለምናለን። ጓደኛዬ ጫማው ተቀዶ ሊስትሮ ጋ ሲያሰፋ እኔ ብቻዬን ሦስት ጣቢያ ጨረስኩ። እስከ ዛሬ አነሳበታለሁ።

በአዲስ አበባ 23ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ለተቃዋሚው ቅንጅት ሄዱ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን ወሰደ። ካርታ ብትሥሉ አንድ ቀለም ነው። ስለዚህ ማን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም ነበር። ወሬው ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ተሸናፊው እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ከፍ ያለ ድምፅ ያገኘበት ላይ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ከዚያ የተመዘገቡትን በወንድና በሴት ከፍሎ የሚያሳይ ቁጥር ከአስፈጻሚዎቹ አገኘን። ሴት በዛ ባለባቸው ጣቢያዎች ገዢው ፓርቲ የተሻለ ድምፅ ነበረው። ደስታዬን አልቻልኩትም። «የሰፈራችን ሴቶች ገዢውን ፓርቲ መረጡ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉም ወጣ።

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ጋዜጣውን ሰው አንብቦላቸዋል። ገና ሳልቀመጥ፣ «አንተ ልጅ፣ ድምፄን ስሰጥ ኮሮጆው ጋ ነበርክ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ያ ጊዜ እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ግቢ የሚኖር ሰው በፓርቲ ተኳርፎ ነበር። በዕድር ስብሰባ ላይ «እናንተ ሴቶች» እየተባለ ተሽሟጥጦባቸዋል። አንዷን የገዛ ወንድሟ ጋዜጣውን አምጥቶ ፊቷ ላይ ዘርግቶባታል። ይህን ሁሉ ዘርዝረው ነገሩኝ። እኔ ምን አልኩ? «እትዬ፣ በቁጥር የተረጋገጠ እኮ ነው።» አሁን ሳስታውሰው ያቃጥለኛል። ቡናውን ቀድተው ሰጡኝ፤ ሒሳቡን ግን አልቀበልም አሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት አልሄድኩም። ማረሚያም አልጻፍኩም።

ስህተቴን በደንብ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ 1000 ሰው መረጠ እንበል፤ 600 ሴት፣ 400 ወንድ። ፓርቲው 300 አገኘ። ከሴቶቹ ስንቶቹ መረጡት? 300ውም ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ። 300ውም ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከ0 እስከ 50 በመቶ። ምኑን አወቅነው? አሁን 900 ሴት፣ 100 ወንድ ይሁኑ። ፓርቲው ያንኑ 300 ቢያገኝ፣ ወንዶቹ በሙሉ ቢመርጡት እንኳ 200 ሴት የግድ አለችበት። ከ22 እስከ 33 በመቶ። ይሄ ይጻፋል፤ ያውም ስለዚያ ጣቢያ ብቻ። የኔ ደብተር ውስጥ እንደዚህ ያለ አንድም ጣቢያ አልነበረም። ሁሉም ወደ እኩል የተጠጋ ነው። በዚያ ላይ የያዝኩት የተመዘገቡትን እንጂ ወጥተው የመረጡትን አልነበረም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1950 አሳይቶታል። በ1930 ቆጠራ መሠረት ውጭ አገር የተወለደ ሰው የበዛባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰውም በዝቶባቸው ነበር። ሰው በሰው ሲታይ ግን ማንበብና መጻፍ በመቻል መጤዎቹ ናቸው ያነሱት። የተማረ ሰው ወዳለበት ግዛት ሄደው ስለሰፈሩ ነው። እኛ ጋ ቦሌን አስቡ። ቪላ በበዛበት ሰፈር የቤት ሠራተኛ ይበዛል። ታዲያ የቤት ሠራተኛ ሀብታም ናት?

ፕራይመሪ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው። ጆርጂያ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የለም፤ መራጩ የፈለገውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይጠይቃል። እና ልጄ፣ ቆጠራው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ነው የሚነግርሽ። ከሰፈሩ ወጣት ስንቱ ለዚያ ምርጫ ወጣ? እዚያ አገር ማን እንደመረጠ (ማንን እንደመረጠ ሳይሆን) ከነዕድሜው የሚገኝበት የመራጮች መዝገብ አለ። እሱን ጠይቂው። ወጣት በበዛበት ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች ብቻ ወጥተው መርጠው ሊሆን ይችላል።

እኛ ጋ ይህን ልሥራ የምትሉ አላችሁ። መጨረሻ የተካሄደው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። የምርጫ ክልሉ ወሰን ከክፍለ ከተማው ወሰን ጋር አይገጥምም። ከዚህ በላይ አልልም፤ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ወጣት መውቀስ አልወድም። ግን ካርታ በአምስት ደቂቃ ትሠራላችሁ፣ ስላማረ ብቻ ታምኑታላችሁ። ሰፈሩን በእግሩ የረገጠ የለም። እኔስ ረግጬ አልነበር? ረግጬ ነው የተሳሳትኩት። ይሁን። ባልረግጠው ኖሮ እኚያን እናት የት አገኛቸው ነበር?

«ወጣቶቹ መረጡት» አትበዪ። «ወጣት የበዛባቸው ጣቢያዎች ላይ ብዙ ድምፅ አገኘ» በዪ። ደንበኛሽ አንድ ቁጥር ካልሰጠሽኝ ካለ፣ ትንሹንና ትልቁን ስጪው። ደስ አይለውም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ። ሰዉም ተበተነ። እኚያ እናት የት እንደገቡ የሚያውቅ የዕድሩ ሰው አለ። ስልኩም አለኝ። እስካሁን አልደወልኩለትም።