የ1965 ፓውንድ በጃፓን የን ስንት ነበር?

በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 1 የእንግሊዝ ፓውንድ 1,008 የን ነበር። የ1965ና የ1967 የፓውንድ ደረሰኞችህን ወደ የን ለመቀየር የፓውንድና የየን ቀጥታ ሠንጠረዥ አጣሁ ስላልክ፣ በአሜሪካ ዶላር በኩል ዞረህ አስላው። ያኔ ሁለቱም ገንዘቦች ከዶላር ጋር ቋሚ ተመን ነበራቸው።

1. ፓውንዱን ወደ ዶላር ቀይር፦ 2.80
2. ዶላሩን ወደ የን ቀይር፦ 360
3. አባዛቸው፦ 2.80 × 360 = 1,008

ገበያው ላይ ከዚህ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ ለአንተ የድሮ ደረሰኝ ግን ይበቃል።

የ1967ቱ ደረሰኝህ ላይ ግን ቀኑን በደንብ እይ። እንግሊዝ ኖቬምበር 18 ቀን 1967 የፓውንዱን ዋጋ ከ2.80 ወደ 2.40 ዶላር አወረደች። የኑ ባለበት ቆየ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ 1 ፓውንድ 864 የን ነው። የ100 ፓውንድ ደረሰኝ ላይ የ14,400 የን ልዩነት ማለት ነው።

እኔ አንድ ጊዜ የዲሴምበር 1967 ሒሳብ በዓመቱ አማካይ ሠርቼ፣ ድምሩ አልገጥም ብሎኝ ሁለት ቀን ፈጀሁ። አማካዩ በዚያ ዓመት አንድም ቀን ያልተመነዘረበት ቁጥር ነው። ተመኑ በድንገት በተቀየረበት ዓመት ሁልጊዜ የቀኑን ተመን ያዝ።

ከ1971 በኋላ ያለ ደረሰኝ ካለህም 360ን አትጠቀም። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ዶላሩ 308 የን ሆኗል።